«ችግር አልተገኘም» የሚለው የዘረ መል ምርመራ ውጤት ምን ያህል ይታመናል?

ጥቂት ደም ወይም ምራቅ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ገጾች ያሉት ውጤት ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈረ አንድ መስመር ምክንያት ጡቷን በቀዶ ሕክምና ለማስወገድ የምትወስን ሴት አለች፤ ከሚወደው ስፖርት የሚገለል ወጣት አለ፤ ሌላ ልጅ ለመውለድ የሚያመነቱ ባልና ሚስት አሉ።

መስመሩ የተሳሳተ ቢሆንስ? የሙቀት መለኪያ ቢሳሳት የታማሚው ገላ ራሱ ይመሰክራል። የዘረ መል ምርመራ ሲሳሳት ግን ስሕተቱ በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም። ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ፣ ከወላጅም አልፎ ለልጆች የሚሰጠውን ምክር ሊያዛባ ይችላል።

ጥያቄው ዛሬ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የሰው ልጅን ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ በጎርጎሮሳውያኑ 1990 የተጀመረውና በ2003 የተጠናቀቀው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ታስቦለት ነበር። ዛሬ የአንድን ሰው ጂኖም በቀናት ውስጥ፣ ከ1,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ማንበብ ይቻላል። የብሪታኒያ መንግሥት በ2025 አጋማሽ ይፋ ባደረገው ዕቅድ በእንግሊዝ የሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ የዘረ መል ምርመራ እንዲደረግላቸው ይፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ በአንጻሩ በዚያው ዓመት መጋቢት አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቤተ ሙከራዎች ራሳቸው በሚያዘጋጇቸው ምርመራዎች ላይ ሊጣል የነበረውን ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ሽሮታል።

ምርመራው እየተስፋፋ ሲሄድ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው የምርመራውን ጥራት የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ሲሆን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል፤ ጥራቱ የሚለካው ከማን ጋር እየተነጻጸረ ነው?

ከናሙና እስከ ውጤት

የሰው ጂኖም ሦስት ቢሊዮን ያህል «ፊደላት» ያሉት መጽሐፍ ነው ቢባል፣ በአሁኑ ጊዜ በብዛት በሥራ ላይ ያሉት የንባብ መሣሪያዎች መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተከታታይ አያነቡትም። ዲኤንኤው መጀመሪያ በጥቃቅኑ ይቆራረጣል። መሣሪያው እያንዳንዳቸው 150 ያህል ፊደላት የያዙ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮችን ያነባል። ከዚያም የኮምፒውተር ፕሮግራም ቁርጥራጮቹን «ማጣቀሻ ጂኖም» ከሚባል ናሙና ጋር እያስተያየ በየቦታቸው ይደለድላቸዋል። ከማጣቀሻው የተለየ ፊደል ሲያገኝ ይመዘግበዋል። በመጨረሻም ልዩነቱ በሽታ ያመጣ እንደሆነ ወይም ጉዳት የሌለው እንደሆነ ባለሙያዎች ይወስናሉ።

በዚህ ረጅም ጉዞ ስሕተት በየትኛውም ደረጃ ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያው አደጋ ከተራቀቀው ቴክኖሎጂ ጋር አይገናኝም፤ የአንዱ ሰው ናሙና በሌላው ስም መመዝገቡ ነው። ስለዚህም ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ እያንዳንዱን ናሙና ቢያንስ በሁለት መለያ ይመዘግባል፤ ከተነበበው ዲኤንኤ የሚታወቀው ጾታ በቅጹ ላይ ከተሞላው ጋር መግጠሙን ያረጋግጣል። አንዳንዶች ከዚያው ሰው ደም ጥቂት ለብቻው አስቀርተው በሌላ ዘዴ በመመርመር ሁለቱ ንባቦች የአንድ ሰው መሆናቸውን ያጣራሉ። የሌላ ሰው ዲኤንኤ ቅንጣት ተቀላቅሎ እንደሆነ ለማወቅም ምንም ናሙና የሌለበትን ንጹሕ ፈሳሽ ከሌሎቹ ጋር አብረው ያሳልፋሉ። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ዲኤንኤ ከተገኘ ብክለት አለ ማለት ነው፤ ሥራው ይቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የንባቡ ትክክለኛነት ነው። በሙያው የተለመደው አንዱ መለኪያ መሣሪያው ከ1,000 ፊደላት ከአንድ በላይ እንዳይሳሳት ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ይመስላል። ሆኖም ሦስት ቢሊዮኑ ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ቢነበብ፣ በዚህ ስሌት ሦስት ሚሊዮን ስሕተት ይገኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ሙሉ ጂኖም ሲነበብ እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 30 ጊዜ ያህል እንዲነበብ ይደረጋል፤ አንዱ ንባብ የሳተውን ሌሎቹ ያርሙታል።

«በአማካይ» የሚለው ቃል ግን ጥንቃቄ ይሻል። አማካዩ 30 ቢሆንም አንዳንዱ ቦታ መቶ ጊዜ ሲነበብ ሌላው ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ወይም ጨርሶ ላይነበብ ይችላል። «ተፈልጎ አልተገኘም» እና «አልተፈለገም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ የሚባል ውጤት በአጥጋቢ ሁኔታ ያልተነበቡትን ቦታዎች ለይቶ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ የሌለበት «ችግር አልተገኘም» የሚል ቃል ከሚገባው በላይ እምነት ያሳድራል።

የጥራት ቁጥጥር ሲጓደል የሚከተለውን በ2018 በዩናይትድ ስቴትስ የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል። ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ በፖስታ ምራቅ ልከው ካገኙት ጥሬ መረጃ ላይ አደገኛ ናቸው የተባሉ ለውጦች በሕክምና ቤተ ሙከራ እንደገና ተመረመሩ። 40 በመቶ የሚሆኑት በሰዎቹ ዲኤንኤ ውስጥ ፈጽሞ አልነበሩም። ለመዝናኛ የተዘጋጀ መረጃና ለሕክምና የተዘጋጀ ውጤት አንድ አለመሆናቸውን ቁጥሩ በግልጽ ያሳያል።

የሚዛኑ ድንጋይ

ገበያ ውስጥ ያለ ሚዛን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ክብደቱ አስቀድሞ በታወቀ ድንጋይ ሲፈተን ነው። የዘረ መል ምርመራም እንዲህ ዓይነት «ድንጋይ» ያስፈልገዋል። ቤተ ሙከራው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ዲኤንኤ ያነባል፤ ያገኘውን ከትክክለኛው መልስ ጋር ያነጻጽራል፤ ስንቱን እንዳገኘ፣ ስንቱን እንደሳተ፣ ስንቱን ደግሞ የሌለውን አለ እንዳለ ይቆጥራል።

ይህን ማነጻጸሪያ በማዘጋጀት ግንባር ቀደም የሆነው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ተቋሙ በ2015 የመጀመሪያውን የማነጻጸሪያ ጂኖም ለቤተ ሙከራዎች አቀረበ። ዲኤንኤው የተገኘው በዩታ ግዛት ትኖር ከነበረችና የዘር ሐረጓ ከአውሮፓ ከሚመዘዝ ሴት ነው። ቀጥለው የአሽኬናዚ አይሁድ የሆኑ አባት፣ እናትና ልጅ፣ እንዲሁም የሃን ቻይናውያን የሆኑ አባት፣ እናትና ልጅ ተጨመሩ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ሚዛናቸውን የሚፈትኑት በአብዛኛው በእነዚህ የሰባት ሰዎች ጂኖሞች ነው። ከሰባቱ አንድም አፍሪካዊ የለም።

ይህ ማለት ምርመራው ለአፍሪካውያን አይሠራም ማለት አይደለም። የሰው ልጆች ዲኤንኤ እጅግ በሚበዛው ክፍሉ አንድ ነው። ሆኖም የሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በአፍሪካ ነው፤ የሰው ዘር ረጅሙን ዘመን የኖረው በዚያ ነውና። ሚዛኑ ያልተፈተነበት ነገር ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ያልተቆጠሩ ሰዎች

ችግሩ ከመሣሪያው ይልቅ በትርጓሜው ላይ ጎልቶ ይታያል። መሣሪያው ፊደሉን በትክክል ሊያነብ ይችላል፤ ቤተ ሙከራውም ከዕውቅና ሰጪው ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። የፊደሉ ትርጉም ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በ2016 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ የተመለከተው የልብ ጡንቻ ያለልክ የሚወፍርበትንና በወጣት ስፖርተኞች ላይ ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል የሚችለውን በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው በርካታ ታካሚዎች በሽታ አምጪ ለውጥ እንዳለባቸው ተነግሯቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ መረጃውን ዳግመኛ ሲመረምሩ እነዚያ ለውጦች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚገኙ፣ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ተገኙ።

ስሕተቱ የመጣው ከመነሻው ጥናቶች ነው። አንድ ለውጥ በሽታ አምጪ መሆኑን ለመወሰን ጤነኞች ዘንድ ይገኝ እንደሆነ ይታያል፤ በጤነኞች ዘንድ የተለመደ ለውጥ ብርቅ ለሆነ በሽታ መንሥኤ ሊሆን አይችልም። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ጤነኞች ግን በአብዛኛው ነጮች ስለነበሩ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደው ለውጥ ብርቅና አደገኛ መስሎ ታየ። በማነጻጸሪያው ቡድን ውስጥ ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን እንኳ ቢካተቱ ኖሮ ስሕተቱ ሊወገድ ይችል እንደነበር ተመራማሪዎቹ አስልተው አሳይተዋል።

የዚህ ጉዳት ሁለት ወገን አለው። ሕመም የሌለበት ሰው ያለ ምክንያት በስጋት ይኖራል። በዚያው ቤተሰብ ውስጥ በእርግጥ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ትክክለኛው መንሥኤ ሳይፈለግ ይቀራል፤ የተሳሳተውን ለውጥ ያልወረሱ ልጆችም «ነጻ ናችሁ» ተብለው ከክትትል ሊወጡ ይችላሉ።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል አለ። በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ዘረ መል ኮሌጅና አጋሮቹ ያወጡት መመሪያ ለውጦችን ከ«በሽታ አምጪ» እስከ «ጉዳት የለሽ» ድረስ በአምስት ደረጃ ይመድባል። መካከለኛው ደረጃ «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚባለው ነው። ኖማድ የተሰኘው ግዙፍ የመረጃ ቋት ደግሞ በ2023 ባወጣው እትም ከ800,000 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ ይዟል። ነገር ግን አብዛኞቹ የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ናቸው። በዚህ ሳቢያ አፍሪካውያንና ሌሎች በመረጃው ያልተወከሉ ሕዝቦች «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚል ውጤት የሚደርሳቸው ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ነው።

ኢትዮጵያውያንና አንድ የጉበት ኢንዛይም

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ ተጨባጭ የሚሆነው በአንድ የጉበት ኢንዛይም ላይ ነው። ኢንዛይሙ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። በርካታ መድኃኒቶችን የሚያብላላ ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን ነው። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ይህ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚሠራ ዘረ መል ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። አንዳንዶች ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጂ አላቸው። በእነርሱ ጉበት ኮዴይን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ትንፋሽ እስከማቆም የሚደርስ አደጋ ሊከተል ይችላል። አደጋው በተለይ በሕፃናት ላይ የከፋ ነው።

እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለ ተደራራቢ ቅጂ ያላቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ እንደሚደርሱ አሳይተዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ድርሻው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ስለ ኮዴይን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ ይኸው የኢትዮጵያውያን ቁጥር ተጠቅሷል። በ2017 ደግሞ መድኃኒቱ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል።

የጥራት ቁጥጥሩ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዘረ መል ለንባብ ካስቸገሩት አንዱ ነው። አጠገቡ በጣም የሚመስለው፣ ግን የማይሠራ ሌላ ዘረ መል አለ። አጫጭር ቁርጥራጮች ሲደለደሉ የአንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል። ከዚህም በላይ የቅጂዎቹን ብዛት ለማወቅ ፊደላቱን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ቁርጥራጮቹ ስንት እንደሆኑ መቆጠር አለበት። ፊደላቱን ብቻ የሚመለከት ምርመራ ሦስት ቅጂ ያለውን ሰው «የተለመደ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ፊደላቱ አልተሳሳቱም፤ ቁጥሩ ግን ታልፏል።

ከመቶ ታካሚዎቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ተደራራቢ ቅጂ ላላቸው ቤተ ሙከራ ይህ ክፍተት ያን ያህል አይሰማ ይሆናል። ምርመራው ለኢትዮጵያውያን ሲሰጥ ግን ከአራት ሰዎች ከአንድ በላይ የሚሆነውን የሚነካ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚያስተባብረው መርሐ ግብር ለዚህ ዘረ መል የተለያየ የቅጂ ብዛት ያላቸውን የማነጻጸሪያ ናሙናዎች አዘጋጅቷል። ድንጋዩ አለ ማለት ነው፤ ጥያቄው እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ተጠቅሞበታል ወይ የሚለው ነው።

«አፍሪካዊ» የሚለው ጥቅል ስምም ቢሆን አይበቃም። ለኩላሊት ሕመም የሚያጋልጡና በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ በብዛት የሚገኙ የታወቁ የዘረ መል ለውጦች አሉ። የእስራኤልና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ እነዚህን ለውጦች አላገኟቸውም። አንዱ ምሳሌ ኢትዮጵያውያንን ለብቻቸው የሚመለከት አደጋ ያሳያል፤ ሌላው ሌሎችን የሚመለከት አደጋ እነርሱን እንደማይነካ ያስተምራል። በቅጹ ላይ «አፍሪካዊ» ወይም «ጥቁር» ከሚሉት ሣጥኖች አንዱ ላይ የሚደረግ ምልክት ይህን ሁሉ አይናገርም።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ የሕክምና ቤተ ሙከራዎች የሚተዳደሩት በ1988 በወጣ ፌዴራላዊ ሕግ ነው። ሕጉ የባለሙያዎችን ብቃትና የአሠራርን ሥርዓት ይመለከታል እንጂ ለዘረ መል ንባብ ዝርዝር መስፈርት አላወጣም። ክፍተቱን የሞሉት የሙያ ማኅበራት ናቸው። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ከ2012 ጀምሮ ለዚህ ምርመራ የራሱን የመስፈርት ዝርዝር አውጥቶ ቤተ ሙከራዎችን ይመረምራል፤ መልሱን ለእነርሱ ሳይነግር ናሙና እየላከም ይፈትናቸዋል። የኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ የራሱ የፈቃድ ሥርዓት አለው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2024 ያወጣው ደንብ ቤተ ሙከራዎች ለራሳቸው የሚያዘጋጇቸውን ምርመራዎች እንደ ሕክምና መሣሪያ ቆጥሮ ደረጃ በደረጃ ለመቆጣጠር ያለመ ነበር። የቤተ ሙከራ ማኅበራት ደንቡ ወጪ እንደሚያንርና አዳዲስ ምርመራዎችን እንደሚያዘገይ በመግለጽ ከሰሱ። በቴክሳስ የሚገኘው ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ ከሥልጣኑ አልፏል ብሎ በመጋቢት 2025 ደንቡን ሻረው። አስተዳደሩም በዚያው ዓመት መስከረም ደንቡን በይፋ አንሥቷል።

አውሮፓ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሆስፒታሎች ራሳቸው በሚያዘጋጇቸው ምርመራዎች ላይ ሳይቀር ግዴታ ይጥላል። በብሪታኒያና በሌሎች በርካታ አገሮች ቤተ ሙከራዎች አይኤስኦ 15189 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይመዘናሉ። ይኸው ደረጃ በኢትዮጵያም ለሕክምና ቤተ ሙከራዎች ዕውቅና መስጫ ነው።

እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። መሣሪያው፣ ባለሙያውና አሠራሩ ብቁ መሆናቸውን በጥብቅ ይጠይቃሉ። ውጤቱ የተነጻጸረበት መረጃ ታካሚውን የሚመስሉ ሰዎችን ይዟል ወይ የሚለውን ግን በዚያው ጥብቅነት አይጠይቁም። የኮዴይኑም ሆነ የልብ ሕመሙ ምሳሌ እንደሚያሳየው ግን ይህ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የትክክለኛነት ጥያቄ ነው። ከአራት ታካሚዎቹ የአንዱን አደጋ የሚስት ምርመራ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለዚያ ታካሚ ጥራት ያለው ምርመራ ሊባል አይችልም።

ማነጻጸሪያውን የማስፋት ጅምር

ለውጡ ተጀምሯል። በ2015 የታተመው የአፍሪካ የጂኖም ልዩነት ጥናት ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናሙናዎችን አካትቷል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ከ50 የአፍሪካ ብሔረሰቦች የተውጣጡ 426 ሰዎችን ጂኖም አንብቦ ከዚያ በፊት ተመዝግበው የማያውቁ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ለውጦችን አግኝቷል። በ2023 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የ«ጂኖሞች ስብስብ» ረቂቅ በአንድ ማጣቀሻ ፈንታ የ47 ሰዎችን ጂኖም በአንድነት ያቀረበ ሲሆን ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የአፍሪካ የዘር ሐረግ አላቸው።

ከምርምር እስከ ሕክምና ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ቤተ ሙከራዎች ማጣቀሻቸውን ሲለውጡ አሠራራቸውን ሁሉ እንደገና መፈተን ስላለባቸው ብዙዎቹ አሁንም በቀድሞው ይሠራሉ።

ታካሚው ምን ሊጠይቅ ይችላል?

እስከዚያው ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ለሐኪማቸው ወይም ለዘረ መል አማካሪ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቤተ ሙከራው ለዚህ ዓይነት ምርመራ ዕውቅና አለው? በአጥጋቢ ሁኔታ ያልተነበቡ ቦታዎች በውጤቱ ላይ ተዘርዝረዋል? መድኃኒትን የሚመለከት ምርመራ ከሆነ የዘረ መሉን ቅጂ ብዛት ይቆጥራል? አደገኛ የተባለው ለውጥ በሁለተኛ ዘዴ ተረጋግጧል? «ትርጉሙ ያልታወቀ» የተባለው መቼ እንደገና ይታያል፤ ትርጉሙ ቢለወጥስ ለታካሚው የሚያሳውቀው ማን ነው?

የትውልድ ሐረግን የሚጠይቀው የቅጹ ክፍልም ባዶ ባይተው ይመረጣል። «ኢትዮጵያዊ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ውጤቱን ለሚተረጉመው ባለሙያ ሣጥን ውስጥ ከሚደረግ ምልክት የበለጠ ይናገራል። ከአገር ቤት ወደ ውጭ የሚላክ ናሙና ሲሆን ደግሞ ባለሙያው ታካሚውን በአካል ስለማያየው ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ውጤቱ ምንም ቢሆን፣ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ መድኃኒት ማቋረጥም ሆነ መጀመር ተገቢ አይደለም።

የዘረ መል ምርመራ በርካታ ሕፃናትን ከማይታወቅ ሕመም ስቃይ አውጥቷል፤ ለብዙ የካንሰር ታማሚዎችም ትክክለኛውን መድኃኒት አመልክቷል። ሊጣል የሚገባው መሣሪያ አይደለም። ነገር ግን «ችግር አልተገኘም» የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉም የሚኖረው ምን እንደተፈለገ፣ የት እንደተፈለገና ከማን ጋር እንደተነጻጸረ አብሮ ሲነገር ነው።